ገበና በዳኛ ፊት፤ ችሎት ስለምን ይዘጋል?

በአማርኛ ‹‹ገበና›› የሚባል ቃል አለ። ትርጓሜውም ባል፣ ሚስትና ልጆች በቤታቸው ውስጥ የሚሸፍኑት፣ ለውጭ ሰው ሊነገር የማይገባው ምሥጢር ነው። ቋንቋውን በመማር ላይ ያላችሁ ሹማምንት ይህን ቃል ‹‹አደባባይ›› ከሚለው ጋር አጣምራችሁ ብታጠኑት ይጠቅማችኋል። ዳኝነት አደባባይን ይወዳል፤ ገበና ግን አደባባይን ይሸሻል። ታዲያ ባልና ሚስት ተጣልተው ዳኛ ፊት በቀረቡ ጊዜ ከሁለቱ የትኛው ይቅደም?

ጥያቄው እንደ ኸሽም ኤል ቂርባ ባለ፣ ስደተኛና ነባር ተቀራርቦ በሚኖርበት ሥፍራ እጅግ ይከብዳል። ከአገሩ የተሰደደ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከሀብቱ ሁሉ የተረፈው ስሙ ብቻ ነው። የፍችው ክርክር ጎረቤት በተሰበሰበበት ቢሰማ፣ ልጆቹ የወላጆቻቸውን ነውር ከውኃ መቅጃው ይሰሙታል።

የፈረንሳይ ሕግ ለዚህ ችግር ያበጀው መልስ ሊታወቅ የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክርክር በግልጽ ችሎት እንዲሰማ ያዛል። ሆኖም ግልጽነቱ የግል ሕይወትን የሚነካ ሲሆን፣ ወይም ተከራካሪዎች ሁሉ ሲጠይቁ፣ ወይም ሁከት ተነሥቶ የችሎቱን ጸጥታ ሲያውክ፣ ዳኛው ጉዳዩን በ‹‹ሻምብር ዱ ኮንሴይ››፣ በእኛ አነጋገር በምክር እልፍኝ፣ ሊሰማ ይችላል። በፍርድ ቤት የሚታይ የፍች ክርክር ግን የዳኛውን ፈቃድ ሳይጠብቅ በሕጉ ትእዛዝ ለሕዝብ የተዘጋ ነው።

በሩ የሚዘጋው በአድማጭ ላይ እንጂ በተከራካሪ ላይ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ባለጉዳዮቹና ጠበቆቻቸው በቦታቸው ይቆያሉ፤ አንዱ ያቀረበውን ማስረጃ ሌላው አይቶ ይመልሳል። ችሎቱ ያላግባብ ተዘግቷል ወይም ተከፍቷል የሚል ተከራካሪ ክርክሩ ሳያበቃ መቃወም አለበት፤ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ በዚህ ምክንያት ፍርዱን ሊያፈርስ አይችልም። ፍችውን ለሌላ ሰው ማስረዳት ሲያስፈልግም የሚቀርበው የውሳኔው ክፍል ብቻ ነው፤ የጠባቸው ታሪክ አይገለጥም።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ግን ይበልጡን የተቀዳው ከሕንድ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ20ኛው አንቀጹ የተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት እንዲዳኝ ሲያዝ፣ የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ብቻ ችሎቱ እንዲዘጋ ፈቅዷል።

እንግዲህ ጸሐፊ ወይም አስተርጓሚ ሆኖ ወደ ዝግ ችሎት የሚገባ ሹም የሰማውን ከደጃፉ ትቶ ይውጣ። ሕጉ የዘጋውን በር የአንድ ሰው አንደበት ሊከፍተው ይችላልና።