የቀይ አፈር በሽታ
ስለ ዝሆኔ የሕክምና ሊቃውንት ያገኙት አዲስ ዕውቀት

በሸነን ምድር፣ ማለት በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በአካባቢያቸው ባሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ በገበያ ቀን ከደጋ የሚወርደውን ሕዝብ ቆሞ የሚመለከት ሰው ዓይኑን ወደ እግር ዝቅ ቢያደርግ፣ ከጉልበት በታች ያበጠ፣ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት የሻከረ፣ ጣቶቹ በእብጠት የተዋጡ እግር ሊያይ ይችላል። ባለቤቱ ከሰው ገለል ብሎ ይሄዳል፤ ሲቀመጥም እግሩን በጋቢው ይሸፍናል። ሕዝቡ በሽታውን ዝሆኔ ይለዋል።

ስለ ዝሆኔ አመጣጥ በየአገሩ የሚነገረው ብዙ ነው። አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው እባብ የሞተበትን ቦታ በመርገጥ የሚመጣ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ከበሽተኛው ጋር አብሮ በመቀመጥ የሚተላለፍ ይመስለዋል። በዚህ ምክንያት ለበሽተኛው ልጅ የሚዳር፣ ከቤቱ የሚያገባ ሰው ይጠፋል። ይህን ያላዋቂ ሰው ወሬ ነው ብለን እንዳንንቅ፣ በወላይታ በጤና ባለሙያዎች መካከል በተደረገ አንድ ጥናት ከተጠየቁት ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት በሽታው ተላላፊ ነው ብለው መልሰዋል። ሐኪሙ እንዲህ ካለ፣ ጎረቤቱ ቢሸሽ ምን ይደንቃል?

(በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ በሕክምና መጻሕፍት የሚታወቀው ዝሆኔ በትል የሚመጣው ነበር። ይኸውም ትንኝ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የምታሸጋግረው፣ ክር የመሰለ ረቂቅ ትል ነው። ይህ ዓይነቱ በአገራችንም እንደ ጋምቤላ ባሉት በቆላው ክፍሎች ይገኛል። ነገር ግን በደጋው ላይ ያለው በሽታ ከዚህ ጋር አልገጥም አለ። ትንኝ በማይበዛበት ብርዳም አገር እግሩ ያበጠ ሰው ይህን ያህል የበዛው ስለምን ነው?

ኡመን የተባሉ ሐኪም በ1969 ባሳተሙት ጥናት መልስ ለመፈለግ የሄዱት ወደ ገበያ ነው። በ56 ገበያዎች ከ200,000 በላይ ሰዎችን እግር አስቆጠሩ፤ ከመቶው ሰው 2.7 የሚሆነው ዝሆኔ ነበረበት። ከእርሳቸውም በኋላ በኢትዮጵያ በሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነገሩን ተከታተሉት። ፕራይስ ያስተዋሉት ቀላል ነገር ነው። በሽታው ያለበትን አገር በካርታ ላይ ሲያሰፍሩት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ካለበት፣ ከፍ ካለና ብዙ ዝናብ ከሚዘንብበት ምድር ጋር ገጠመ። የሚይዘውም በባዶ እግሩ የሚሄደውን ነው። ጫማ ያደረገ የከተማ ሰው በዚያው አፈር ላይ እየኖረ አይታመምም። በኋላም የበሽተኞችን የንፍፊት ዕጢ ወስደው በመሣሪያ ሲመረምሩ ሲሊኮንና አሉሚኒየም ያለባቸው የአፈር ቅንጣቶች አገኙ። ለበሽታው ከግሪክ ቃላት «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚል ስም አወጡለት፤ የመጀመሪያው ቃል እግር፣ ሁለተኛው ትቢያ ማለት ነው።

የበሽታው አካሄድ እንዲህ ነው። ገበሬው ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶ እግሩ ሲያርስ፣ ከዓይን የረቀቁ የአፈር ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ ዘልቀው ይገባሉ። የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት እነዚህን ቅንጣቶች ይውጧቸዋል፤ ነገር ግን ድንጋይ ነውና ሊፈጩት አይችሉም። በእግር ውስጥ ከደም ሥር የሚተርፈውን ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመልሱ ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ። እነዚህ በዚሁ ምክንያት ይቆስላሉ፤ ቁስሉም ሲድን ጠባሳው ይደፍናቸዋል። መመለሻ ያጣው ፈሳሽ በእግር ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በዓመታት ብዛት ስለሆነ፣ ሰውየው ትናንት የረገጠውን ነገር ቢከስ አይፈረድበትም።

ወደ ሸነን እንመለስ። በምዕራብ ሸዋ ዞን የሚገኘው የሚዳ ቀኝ ወረዳ ደጋ ነው። ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስና ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለ ከሌላ ባልደረባቸው ጋር በዚያ ያደረጉት ጥናት በ2012 ታተመ። ከመረመሯቸው ሰዎች ከመቶው ሰባት ያህሉ በሽታው ተገኘባቸው። ትሉ በደም ውስጥ የሚወጣው በሌሊት ስለሆነ፣ አጥኚዎቹ የበሽተኞቹን ደም በሌሊት ቀድተው በማጉያ መነጽር አዩት፤ ትሉ የሚተወውንም ምልክት በደም ውስጥ ፈለጉ። በአንዱም ላይ አልተገኘም። የሚዳ ቀኝ ገበሬ በሽታ ከትንኝ ሳይሆን ከእርሻው አፈር መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። አንባቢ የወንጪን ሐይቅ አይቶ እንደሆነ፣ ውኃው የተኛው በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ መሆኑን ሰምቶ ይሆናል። አገሩን ያሳመረውና አፈሩን ያደለበው እሳት ይህንንም ትቶ ሄዷል።

ጉዳዩ በአንድ ወረዳ የሚያበቃ አይደለም። ዶክተር ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቻቸው በ2013 መላውን አገር ዞረው ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎችን ከመረመሩ በኋላ ባወጡት ካርታ፣ በሽታው በ345 ወረዳዎች ተገኝቷል። በኋላም በተደረገው ስሌት የበሽተኞቹ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ነው። በወላይታ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ በሽተኛ ከሥራ ቀኖቹ ከመቶ 45 ያህሉን እንደሚያጣ አሳይቷል። ይህ ማለት በሬ፣ እርሻና ጉልበት እያለው ግማሹን ዓመት ያህል ቤቱ የሚቀመጥ ገበሬ ማለት ነው።

አሁን አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ይነሣል። በአንድ መንደር በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግር ከሚሄዱት መካከል አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው ለምንድን ነው? ሕዝቡ «በዘሩ አለ» የሚለው እውነት ይሆን? በወላይታ በቤተሰቦች ላይ በተደረገ ጥናት የበሽተኛ ወንድም ወይም እኅት ከሌላው ሰው ይልቅ አምስት እጥፍ ያህል ለበሽታው የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ። በ2012 ደግሞ ዶክተር ፋሲል፣ ፕሮፌሰር ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚለይበትን ኃይል በሚመራው የዘር ክፍል ላይ በበሽተኞችና በጤነኞች መካከል ልዩነት መኖሩን አስታወቁ።

ይህ ዕውቀት ሁለት ስለት አለው። ሕዝቡ ስለ ዘር ያለው ግማሽ እውነት ስለሆነ፣ ሳይጠነቀቁ ቢናገሩት ጋብቻ የሚከለክለውን ሰው ማጽናት ይሆናል። አጥኚዎቹ ይህንን ስላወቁ ደም ከመቅዳታቸው አስቀድሞ ወደ መንደሩ ሄደው ነገሩ በምን ቃል ቢነገር ሰው እንደማይጎዳ መርምረዋል። ከጥናቱ ውጤት ይልቅ ይህን ሥራቸውን የማደንቅ ነኝ። የሚወረሰው በሽታው ራሱ ሳይሆን በአፈሩ ቶሎ የመጎዳት ጠባይ ነው፤ ያው ሰው እግሩን ከአፈር ጠብቆ ካደገ አይታመምም። እንደ አልጄሪያና ቱኒዝያ ባሉት የሰሜን አፍሪካ አገሮች በሽታው ቀድሞ ነበረ፤ ጫማ የሁሉ ሰው ልብስ ሲሆን ያለ ምንም መድኃኒት ጠፋ።

ጫማ ሲባል ግን ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ብዙ ገበሬ ጫማ አለው፤ የሚያደርገው ግን ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ነው። አፈሩ የሚበዛበት የእርሻ ሰዓት ሲደርስ እንዳይበላሽበት ያወልቀዋል። ያበጠ እግር ያለው ደግሞ ሱቅ ከደረደረው ጫማ ውስጥ የሚበቃው አያገኝም፤ በልኩ ካልተሰፋለት በቀር በባዶ እግሩ ይቀራል።

ለታመመውስ? በምሥራቅ ጎጃም 696 በሽተኞች የተካፈሉበት፣ አንድ ዓመት የፈጀ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በ2018 ታትሟል። ሕክምናው እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ጀርም በሚገድል መድኃኒት በተበረዘ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ካልሲና ጫማ ማድረግ ነበር። በሽተኛውን እያተኮሰና እያንቀጠቀጠ አልጋ ላይ የሚጥለው የእግር ቁጣ ሕክምናውን ባገኙት ላይ በአምስት አንድ እጅ ያህል ቀነሰ። እብጠቱ አንዴ ከጠጠረ ግን እንደ ቀድሞው አይሆንም።

ስለዚህ መጀመሪያውን መለየት ይጠቅማል። በትምህርት ዕረፍት ወደ ቤተሰቡ የሚሄደው ተማሪም ሆነ በሥራ ወደ ገጠር የተመደበው ወጣት ሠራተኛ ሊያየው የሚችለው ይህን ነው፤ በእግር ጣቶች መካከልና በእግር ጀርባ ላይ የሚያሳክክና የሚያቃጥል ስሜት ይጀምራል፤ ቆዳው ይወፍራል፤ ጣቶቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ። እብጠቱ ማታ ይመጣና ሌሊት ተኝቶ ሲነሣ ጎድሎ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ እግሩን ማጠብና ጫማ ማድረግ የጀመረ ሰው እብጠቱ ሊመለስለት ይችላል።