ከአስም ጀርባ የሚደበቅ ድባቴ

አስም የአየር ቧንቧ ሥር የሰደደ ብግነት ነው፤ የቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ያብጣል፣ በቀላሉም ይቆጣል። ጭስ፣ ብርድ ወይም ጉንፋን ሲነካው በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፣ አክታ ይበዛል፣ ትንፋሽ ለመውጣት ይታገላል። በባሕር ዳርና በጣና ዳር ቀስቃሹ ብዙ ነው፦ የማገዶና የኩበት ጭስ፣ ከሰል፣ ዕጣን፣ የበጋ አቧራ፣ የክረምት ሻጋታ።

ድባቴ ደግሞ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ የስሜት መውረድ ወይም ቀድሞ ደስ ይል ለነበረው ነገር ፍላጎት ማጣት ነው። አስም ባለባቸው አዋቂዎች ዘንድ ከሌሎች ይልቅ እንደሚበዛ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ።

የሚያገናኛቸው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። አስም ሌሊትና ንጋት ላይ ይብሳል፤ እንቅልፉ በየሌሊቱ የሚቆራረጥ ሰው ስሜቱም ይዳከማል። ሲያገረሽ የሚታዘዘው የፕሬድኒሶሎን ኪኒን እንቅልፍንና ስሜትን ሊያናጋ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ ግን ክብደት የምሰጠው ለመነጠል ነው። ከሰልና ዕጣን የሚያፍናት ሴት መጀመሪያ ከጎረቤት ቡና ትቀራለች፣ ከዚያ ከማኅበሩ፣ ከዚያ ከለቅሶው። በሽታውን ለመሸሽ የወሰደችው እርምጃ ኀዘኗን የሚያቃልሉላትን ሰዎች ያርቅባታል።

የተገላቢጦሹም አለ። ሳልቡታሞል ሲሳብ ቧንቧውን በደቂቃዎች ይከፍታል። ብግነቱን የሚያበርደው ቤክሎሜታዞን ግን በየቀኑ መሳብ አለበት፤ ለውጡ የሚሰማው ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ ነገን ተስፋ ማድረግን ይጠይቃል፤ ድባቴ የሚነጥቀውም ይህንኑ ነው። ታማሚው የዕለቱን መድኃኒት ትቶ በማስታገሻው በሳልቡታሞል ብቻ ይቆያል፣ ብግነቱ ይብሳል፣ ሌሊቱ ይከፋል። ጸበል ሲገቡ መድኃኒቱን የሚያቋርጡም አሉ፤ በንጋት የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ራሱ ቧንቧን ሊያኮማትር ስለሚችል መሳቢያው አብሮ መያዝ አለበት።

ታዲያ ለምን ሳይታወቅ ይቀራል? ድባቴን ለመለየት በኢትዮጵያም የሚሠራበት አንድ መጠይቅ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ሲሆን 10ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከዘጠኙ ውስጥ ድካምና የእንቅልፍ ማጣት ከአስም ብቻም ሊመጡ ይችላሉ። ሐኪሙ ሁሉንም ለሳንባው ይሰጠዋል፣ ታማሚውም እንዲሁ። የሚለዩት ምልክቶች ፍላጎት ማጣት፣ ራስን መውቀስ፣ ተስፋ መቁረጥና ሞትን መመኘት ናቸው፤ ሳይጠየቁ ግን እምብዛም አይነገሩም።

ስለዚህ እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ባሉ የባሕር ዳር ሆስፒታሎች፣ በጤና ጣቢያም ጭምር፣ አስም ያለበት ሰው ለክትትል በመጣ ቁጥር ስለ ስሜቱና ስለ ፍላጎቱ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ሕክምናው በምክርና እንደ ፍሎክሰቲን ባሉ ኪኒኖች ይሰጣል። ከጭንቀት ጋር ለሚመጣ የልብ ምትና መንቀጥቀጥ የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል ግን የአየር ቧንቧን ስለሚያጠብ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ ጭንቀት አለብኝ ብሎ ሌላ ክሊኒክ የሚሄድ ታማሚ አስም እንዳለበት አስቀድሞ መናገር አለበት።