የተሰረዘው «አለብህ»
የአንድ መጽሐፍ ረቂቅና እትሞች ጠጪ ላለበት ቤት ምን ይነግሩናል?

«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለህ መከራ ይምከረው» ይላል ተረታችን። የሚጠጣ ልጅ፣ ባል ወይም ወንድም በቤቱ ያለ ሰው ይህን ተረት ከማንም በላይ ያውቀዋል። መክሮ መክሮ ደክሟል። መከራውም በተራው መጥቶ መክሯል፤ ሥራው ሄዷል፣ ትዳሩ ተናግቷል፣ ጉበቱ ታሟል። ሰውየው ግን አሁንም ይጠጣል። ታዲያ ከምክርና ከመከራ በኋላ ምን ቀረ?

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማነሣላችሁ መጽሐፍ የተጻፈው ይህ ጥያቄ በራሳቸው ላይ በደረሰባቸው ሰዎች ነው። የማተኩረው ግን በረቂቁና በኋለኞቹ እትሞች መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። ለወላጅና ለአያት የሚጠቅመውን ትምህርት ያገኘሁት በአብዛኛው ጸሐፊዎቹ ሰርዘው በተዉት ውስጥ ነውና።

መጽሐፉና ሰዎቹ

መጽሐፉ «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» ይባላል፤ «ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች» እንደ ማለት ነው። የማኅበሩም ስም ይኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1939 ታተመ። በወፍራም ወረቀት ስለታተመ አንባቢዎቹ «ትልቁ መጽሐፍ» አሉት፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ዋናው ጸሐፊ ቢል ዊልሰን የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ለሥራ ወደ አክረን ከተማ፣ ኦሃዮ ሄዶ ሳለ መጠጥ ክፉኛ አማረው። የሚያናግረው ሌላ ጠጪ ሲፈልግ ከቀዶ ሐኪሙ ሮበርት ስሚዝ ጋር ተገናኘ። አንዱ ለሌላው የራሱን ታሪክ ነገረው እንጂ አልመከረውም። ሐኪሙ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ጁን 10 ቀን 1935 የማኅበሩ ልደት ሆኖ ይታሰባል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ዓይናቸው ቢጫ የሆነ፣ ሆዳቸው ውሃ የቋጠረ፣ ብርጭቆ ለመያዝ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎችን በዋርድ ውስጥ ለብዙ ዓመት አስታምሜያለሁ። ሦስተኛውን እትም ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ትቶልኝ ሄደ። አራተኛውን እትምና በፎቶ ተነሥቶ የታተመውን ረቂቅ ደግሞ አሜሪካ የምትኖረው ልጄ አመጣችልኝ። ጡረታ ጊዜ ይሰጣልና ሦስቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ እርሳስ ይዤ፣ መስመር በመስመር አስተያየሁ።

ረቂቁ እንዴት ተዘጋጀ?

ዊልሰን ጽሑፉን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። እሱ ይናገራል፣ ጸሐፊዋ ሩት ሆክ በመኪና ትተይባለች። ምዕራፎቹ ኒው ዮርክና አክረን ላሉት አባላት እየተነበቡ ክርክር ይነሣባቸዋል። በ1939 መጀመሪያ ላይ ወደ 400 የሚሆኑ የረቂቁ ቅጂዎች ተባዝተው ለሐኪሞች፣ ለሃይማኖት ሰዎችና ለአባላት ለአስተያየት ተበተኑ።

የተሰጡት አስተያየቶች በአንድ ቅጂ ላይ በቀለምና በእርሳስ ተለቅመው ተጻፉ፤ ወደ ማተሚያ ቤት የሄደውም ያ ቅጂ ነው። ኅዳጉ በእጅ ጽሑፍ የተሞላ፣ ገጾቹ በሰረዝ የተዥጎረጎሩ ናቸው። ይህ ረቂቅ እ.ኤ.አ. በ2018 በጨረታ በ2.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ሰው ይህን ያህል ገንዘብ የከፈለው ለስርዝ ድልዙ ነው ማለት ይቻላል፤ ንጹሑ መጽሐፍማ በየመደብሩ በርካሽ ይገኛል።

ከትእዛዝ ወደ ምርቃት

ሁለቱን ጎን ለጎን ስታነቡ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የአነጋገሩ ለውጥ ነው። ረቂቁ አንባቢውን «አንተ» እያለ ያዝዘዋል፤ ማድረግ ያለበትን ይደረድርለታል። ያላመነበትን አንባቢ፣ ወይ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲያነብ ወይ መጽሐፉን እንዲጥለው እስከ መንገር ይደርሳል። በታተመው ውስጥ ያ ዐረፍተ ነገር የለም። «አንተ» የሚለውም በብዙ ቦታ «እኛ» ሆኗል። ጸሐፊዎቹ ያደረጉትን ይተርካሉ፤ አንባቢው ከፈለገ ይከተላል።

ይህን ለውጥ አጥብቀው ከመከሩት አንዱ ረቂቁ የደረሰው የኒው ጀርሲ የአእምሮ ሐኪም ነበር። ዊልሰን መጀመሪያ ቅር ቢለውም በመጨረሻ ተቀበለው።

ጥቃቅን ምሳሌዎች ልጥቀስ። 12ቱ ደረጃዎች የሚገኙበት ምዕራፍ መግቢያ ላይ ረቂቁ «መመሪያ» ብሎ የጠራውን የታተመው «መንገድ» ይለዋል። እዚያው አካባቢ እግዚአብሔርን ስለማግኘት የሚናገር አጭር ዐረፍተ ነገር አለ፤ በረቂቁ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ነበር፣ በታተመው ምርቃት ሆነ። በእንግሊዝኛ የተለወጠው አንድ ሁለት ቃል ብቻ ነው። እኛ ግን ትእዛዝና ምርቃት ምን ያህል እንደሚራራቁ እናውቃለን። አያት ከልጅ ልጁ ፊት ቆሞ «ተው ብዬሃለሁ!» ሲልና «ከዚህ ያውጣህ» ሲል፣ ሐሳቡ አንድ ቢሆንም ልጁ ጆሮ ውስጥ የሚገባው የተለያየ ነገር ነው።

ደረጃዎቹ ራሳቸው አልተቀነሱም። ጥፋትን ማመን፣ ለሌላ ሰው መናዘዝ፣ የበደሉትን መካስ፣ ሁሉም በቦታው አለ። የለዘበው አነጋገሩ ነው እንጂ የሚጠየቀው ሥራ አልቀለለም።

የተነሣው ጉልበት

ሌላው ክርክር ስለ እግዚአብሔር ነበር። ማኅበሩ የበቀለው ኦክስፎርድ ግሩፕ ከተባለ የክርስቲያን እንቅስቃሴ ነው። ከአባላቱ አንዳንዶቹ መጽሐፉ ጥርት ያለ የክርስትና መጽሐፍ እንዲሆን ፈለጉ። እንደ ጂም በርዌልና ሃንክ ፓርክኸርስት ያሉት ደግሞ ሃይማኖት የሌለው ጠጪ ከደጃፉ ይመለሳል ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ ሁሉም እግዚአብሔርን በገባው መጠን ይቅረብ የሚለው ሐሳብ አስታረቃቸው። በሰባተኛው ደረጃ ረቂቁ በጉልበት ተንበርክኮ መለመንን ይጠቅስ ነበር፤ በታተመው መንበርከኩ ወጥቶ በትሕትና መለመኑ ቀረ።

እኛ አማኞች ይህን ስናነብ «እምነቱን አላሉት» ልንል እንችላለን። እኔ ግን አንዱ አልጋ ላይ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ ባለው ሙስሊም፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ከእግዚአብሔር ጋር የተኳረፈ ሰው በተኛበት ዋርድ ሠርቻለሁ። መጽሐፉ መንበርከክን አልከለከለም፤ የሚንበረከክ ይንበረከካል። ለመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ማድረጉን ነው ያስቀረው።

በሁለተኛው ሕትመት የተለወጠች ቃል

የመጀመሪያው ሕትመት መጀመሪያ ገበያ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በማርች 1941 አንድ ታዋቂ መጽሔት ስለ ማኅበሩ ሰፊ ዘገባ ካወጣ በኋላ አባላቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ2,000 ወደ 8,000 ገደማ አደጉ። በዚያው ዓመት የወጣው ሁለተኛ ሕትመት አንድ ማሻሻያ ይዟል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

12ኛው ደረጃ በመጀመሪያው ሕትመት ሰውየው በደረጃዎቹ አልፎ ስለሚያገኘው መንፈሳዊ «ገጠመኝ» ይናገር ነበር። ቢል ዊልሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1934 ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ድንገት ብርሃን የሞላበት ገጠመኝ ደርሶበታል። አንባቢዎች ታዲያ ለእነሱም ተመሳሳይ መብረቅ ካልመጣ የማይድኑ መሰላቸው። ስለዚህ ቃሉ «መንቃት» በሚል ተተካ። ለብዙው ሰው ለውጡ ቀስ በቀስ እንደሚመጣ የሚያስረዳ አጭር ተጨማሪ ጽሑፍም መጨረሻ ላይ ገባ።

ይህን እናቶች ልብ ይበሉልኝ። ልጃችሁ ጸበል ገብቶም ሆነ ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ በአንድ ሌሊት ሌላ ሰው ካልሆነ ተስፋ አትቁረጡ። ሰው አንዳንዴ ደንግጦ ይነሣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እያንጎላጀ፣ መልሶ እየተኛ ነው የሚነቃው።

የጸናውና የታደሰው

እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ1976 እና በ2001 ሦስት አዳዲስ እትሞች ወጥተዋል። ዋናው ክፍል፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ 164 ገጾች፣ ከሞላ ጎደል አልተነካም። የተለወጡት በጀርባው ያሉት የሰዎች ታሪኮች ናቸው። የዶክተር ስሚዝ ታሪክ በሁሉም እትም አለ፤ ሌሎቹ ወጥተው አዳዲስ ገብተዋል። በመጀመሪያው እትም ራሷ የአልኮል ሱሰኛ የነበረች ሴት ታሪክ አንድ ብቻ ነበር፤ በኋለኞቹ የሴቶችና የወጣቶች ታሪክ በርክቷል። የመጀመሪያው መግቢያ ከ100 ስለሚበልጡ ሰዎች ይናገራል፤ የአራተኛው መግቢያ 2 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ይላል።

ከወጡት ታሪኮች አንዳንዶቹ ያሳዝናሉ፤ ባለቤቶቹ ወደ መጠጥ ተመልሰው ነበርና። ለመጽሐፉ መታተም ብዙ የደከመው ሃንክ ፓርክኸርስት እንኳ መጽሐፉ በታተመበት ዓመት መጠጣት ጀመረ፤ ታሪኩ በሁለተኛው እትም የለም። ያሰናዳው ሰው ቢወድቅም መጽሐፉ ብዙዎችን ማንሣቱን ቀጠለ። በየቤታችን አንድ ዘመድ ታክሞ ቢመለስበት «ሕክምናው ከንቱ ነው» ብለን ሌላውን ከማስቀረት እንቆጠብ።

ሁለት ቅሬታዎች

እንደ ነርስ አንድ ቅሬታ አለኝ። በመጀመሪያው እትም ገጽ 1 ላይ የነበረው የዶክተር ዊሊያም ሲልክዎርዝ የሕክምና አስተያየት ነው። ከ1955 እትም ጀምሮ ግን በሮማን ቁጥር ወደሚቆጠሩት መግቢያ ገጾች ተዛውሯል። መግቢያ የሚያነብ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ሐኪሙ «አለርጂ» ያለው ዛሬ እኛ በዚያ ቃል የምንጠራው በሽታ ባይሆንም፣ ዋና መልእክቱ ትክክል ነበር፦ የሱሰኛው አካል ለመጠጥ የሚሰጠው ምላሽ ከሌላው ሰው ይለያል፣ ችግሩ የጠባይ ብልሹነት ብቻ አይደለም። ቤተሰብ ከሁሉ በፊት ማንበብ ያለበት ይህን ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ሚስቶች የተጻፈውን ምዕራፍ ይመለከታል። የተጻፈው በሚስቶች አንደበት ነው፤ የጻፈው ግን ቢል ዊልሰን ራሱ ነው። ባለቤቱ ሎይስ እሷ ልትጽፈው ፈልጋ ስላልተፈቀደላት ቅር ብሏት ነበር። በያዝኳቸው እትሞች ሁሉ እንዳለ ተቀምጧል። ሎይስ ግን እ.ኤ.አ. በ1951 «አል-አኖን» የተባለውን የጠጪ ቤተሰቦች ማኅበር ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር መሠረተች። የቤተሰብን ሕመም ቤተሰቡ ራሱ እንዲናገር ቦታ አገኘች ማለት ነው።

ወደ ቤታችን ስናመጣው

መጽሐፉን ያላነበበ ቤተሰብም ከዚህ የሚወስደው አለ።

መጀመሪያ የሕክምናውን ልናገር። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣን ሰው ቤት ቆልፋችሁ በድንገት አታስቁሙት። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምራል፤ እስከ ሁለተኛው ቀን የሚጥል ሕመም ሊነሣ ይችላል፤ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ቀን ደግሞ መቃዠትና መደናገር ሊመጣ ይችላል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። ስለዚህ የማቆሙ ሥራ በሐኪም ምክር ይጀመር፤ ጸበሉም ቢሆን ከዚያ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሰውየው መድኃኒት ላይ ከሆነ አታስቋርጡት።

ሁለተኛው፣ ከጠጪ ጋር የሚነጋገር ሌላ የዳነ ጠጪ ፈልጉለት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሰውን ከእንዲህ ያለው ማኅበር ጋር በሥርዓት የሚያገናኝ ሕክምና ጨርሶ መጠጥን በማስተው ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች በልጦ መገኘቱን አሳይቷል። በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ስብስብ ባይኖርም፣ ትቶ ዓመታት የቆየ አንድ ሰው በእድር ወይም በማኅበር ውስጥ አይጠፋም። ቡና አፍልታችሁ ጥሩት፤ ከልጃችሁ ጋር ትታችኋቸው ውጡ።

ሦስተኛው የአነጋገር ነው። ከልጃችሁ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ልትሉት ያሰባችሁትን በወረቀት ጻፉት። ከዚያ እርሳስ አንሡና «አለብህ» የሚለውን ሁሉ ሰርዙ። በምትኩ ያያችሁትን፣ የተሰማችሁንና እናንተ የምታደርጉትን ጻፉ፦ «ትናንት ማታ ስትወድቅ አየሁ፣ ፈራሁ። ከእንግዲህ ለመጠጥ ገንዘብ አልሰጥም። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ግን አብሬህ እሄዳለሁ።» እንዲህ ሲባል ቃሉ ለስላሳ ነው፤ ውሳኔው ግን ቁርጥ ነው። ልጁ የሚከራከርበት ትእዛዝ ስላልተሰጠው፣ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝም ብሎ ያዳምጥ ይሆናል።