ዶት ሆርስ (የዶሜይን ቅጥያ)

ዶት ሆርስ በኢንተርኔት አድራሻ ላይ ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ የሚጻፍ ቅጥያ ነው። «ሆርስ» በእንግሊዝኛ ፈረስ ማለት ሲሆን፣ ቅጥያው የታሰበው ለግልቢያ ትምህርት ቤቶች፣ ለፈረስ አርቢዎች፣ ለውድድር አዘጋጆችና ለፈረስ ወዳጆች ድረ ገጾች ነው። ይሁን እንጂ ለመመዝገብ ፈረሰኛ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ክፍያውን የፈጸመ ማንኛውም ሰው ወይም ድርጅት ነፃ የሆነ ስም መያዝ ይችላል።

አመጣጥ

በኢንተርኔት ኮምፒዩተሮች የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ነው። ሰው ከቁጥር ይልቅ ስም ማስታወስ ስለሚቀለው፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ስምን ወደ ቁጥር የሚመልስ የዶሜይን ስም ሥርዓት ተነደፈ። ለረጅም ጊዜ በብዛት ያገለገሉት እንደ ዶት ኮም፣ ዶት ኔትና ዶት ኦርግ ያሉ ጥቂት ቅጥያዎችና የአገር መለያዎች ነበሩ። አጫጭርና ግልጽ ስሞች ቀድመው በመያዛቸው ዘግይቶ ለመጣ ሰው ጥሩ ስም ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ።

የስሞቹን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ለአዳዲስ ቅጥያዎች ማመልከቻ ተቀበለ። የማመልከቻው ክፍያ 185,000 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን 1,930 ማመልከቻዎች ቀረቡ። ዶት ሆርስ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ሥርዓቱ ገባ። መጀመሪያ ያስተዳድረው የነበረው ማይንድስ ኤንድ ማሺንስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከተደረገው ሽያጭ በኋላ አስተዳደሩ ወደ ጎዳዲ ተዛውሯል።

የስም አመራረጥ

በእንዲህ ዓይነት አድራሻ ከነጥቡ በፊትና በኋላ ያሉት ቃላት አብረው ይነበባሉ። ቅጥያው ራሱ «ፈረስ» ስለሚል ቃሉን ከነጥቡ በፊት መድገም አያስፈልግም። የታወቀው ምሳሌ «ኤንድለስ ዶት ሆርስ» ነው፤ ትርጉሙ «ማለቂያ የሌለው ፈረስ» ሲሆን፣ ገጹ ወደ ታች በተሳበ ቁጥር እግሩ የሚረዝም ፈረስ ያሳያል። ስሙ ብቻውን ይዘቱን ይናገራል።

ከነጥቡ በፊት ያለው ክፍል የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና ሰረዝን ይቀበላል፤ ርዝመቱ ከ63 ምልክቶች አይበልጥም፤ በሰረዝ አይጀምርም፣ አያልቅምም። የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለምሳሌ «ፈረስ» የሚለውን አንዱ ሰው በ«ኢ»፣ ሌላው በ«ኤ» አናባቢ ሊጽፈው ይችላል። በስልክ ሲነገር ሁለት ዓይነት የሚጻፍ ስም ጎብኚውን ወደ ሌላ ገጽ ሊመራው ይችላል።

ገላጭ ቅጥያ ሥራውንም ይወስናል። ነገ በቅሎ ወይም ከብት ለማርባት ያሰበ ድርጅት በፈረስ ስም መታሰሩ ሊያስቸግረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1921 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን የሚጠቀመው በዶት ኦርግ ነው። ደንበኞቹ በኢትዮጵያ ለሆኑ ድርጅት ደግሞ የአገሪቱ መለያ ዶት ኢቲ ሌላ አማራጭ ነው።

ምዝገባ

በምዝገባ ሦስት ወገኖች አሉ፦ ቅጥያውን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ስም የሚሸጠው መዝጋቢ ድርጅትና ተመዝጋቢው። ተመዝጋቢው ስሙ ነፃ መሆኑን በመዝጋቢው ገጽ ላይ ፈልጎ ካረጋገጠ በኋላ ከ1 እስከ 10 ዓመት ለሚደርስ ጊዜ ይከፍላል። የኢሜይል አድራሻውን በ15 ቀናት ውስጥ ካላረጋገጠ ስሙ ሊታገድ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ስሙን ወደ ሌላ መዝጋቢ ማዛወር በአብዛኛው አይቻልም።

የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ብዙ ጊዜ በቅናሽ ስለሚቀርብ፣ ከመክፈል በፊት የእድሳቱን ዋጋ ማየት ይገባል። አጫጭርና ተፈላጊ ስሞች ከሌሎቹ በላቀ ዋጋ ሊሸጡ ይችላሉ።

መብትና እድሳት

የዶሜይን ስም በኪራይ የሚያዝ እንጂ ለዘለቄታ የሚገዛ ንብረት አይደለም። ጊዜው ሲያልፍ ካልታደሰ ድረ ገጹና በስሙ የሚሠራው ኢሜይል ይቋረጣሉ። መዝጋቢው ስሙን ከሰረዘው በኋላም የቀድሞው ባለቤት ለ30 ቀናት ማስመለስ ይችላል፤ ክፍያው ግን ከመደበኛው እድሳት ይበልጣል። ይህም ካለፈ ስሙን ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል።

የሌላን የንግድ ምልክት የሚመስል ስም መያዝም ያስከስሳል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሚሠራው የአይካን ደንብ መሠረት ከሳሹ ሦስት ነገሮችን ያስረዳል፦ ስሙ ከምልክቱ ጋር እንደሚመሳሰል፣ ተመዝጋቢው በስሙ ላይ ሕጋዊ ጥቅም እንደሌለው፣ ስሙም በክፉ ልቦና ተመዝግቦ ጥቅም ላይ እንደዋለ።

ከሁሉ በላይ ወሳኙ ስሙ በማን እንደተመዘገበ ነው። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ስሙን በራሱ ስም ካስመዘገበ፣ በመዝገቡ ላይ ተመዝጋቢ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። ስለዚህ የግልቢያ ትምህርት ቤቱ ወይም አርቢው የተመዝጋቢነቱን ቦታ፣ የመዝጋቢውን የይለፍ ቃልና የእድሳት ማስታወሻ የሚደርስበትን ኢሜይል በራሱ እጅ ሊይዝ ይገባል።