ለአሮጌዪቱ ሸቭሮሌት አዲስ ዲፈረንሻል

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. አጋማሽ የሸቭሮሌት ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንደ ገና የነደፋቸውን የጭነት መኪናዎች ለአሜሪካ ገበሬና ነጋዴ ባቀረበ ጊዜ፥ ከእነርሱ መካከል ታናሺቱ፥ ግማሽ ቶን እንድትሸከም የታቀደችውና 3100 የሚል ቍጥር የተሰጣት ፒክአፕ፥ በድቡልቡሉ ኮፋኖዋና በፊቷ ላይ አግድም በተደረደሩት አምስት ብረቶች ከሩቅ የምትለይ ሆነች። እስከ 1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስም ከጥቂት መሻሻል በቀር ጠባይዋ ሳይለወጥ ስትሠራ ቆይታለች። ዛሬ፥ ከሰባ ዓመት በኋላ፥ በየጓሮው መጠለያ ሥር ዝገቷን እየፋቁ የሚያድሷት ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ እኔም በቨርጂኒያ ከምኖርበት ቤት ጓሮ ከእነዚያ ሰዎች እንደ አንዱ ሆኜ፥ ከእድሳቱ ሥራ ሁሉ እጅግ የሚከብደውንና እጅግም የሚያስተምረውን አንዱን ክፍል፥ ይኸውም የኋላ ዲፈረንሻሏን በዘመኑ ዲፈረንሻል መተካትን፥ ለአንባቢ ላስተዋውቅ እወዳለሁ።

መኪናዪቱ የተወለደችለት መንገድና ዛሬ የምትሄድበት መንገድ አንድ አይደሉም። አገር ለአገር የሚያገናኙት የአሜሪካ ታላላቅ አውራ ጎዳናዎች እንዲሠሩ በሕግ የተደነገገው በ1956 ዓ.ም. ሲሆን፥ 3100 ግን ከዚያ አስቀድሞ ከእርሻ ወደ ገበያ፥ ከወፍጮ ቤት ወደ ባቡር ጣቢያ በዝግታ እንድትመላለስ የተበጀች አገልጋይ ናት። እስከ 1953 ዓ.ም. ይገጠምላት የነበረው ሞተር ባለ 6 ሲሊንደር፥ ይዘቱም 3.5 ሊትር ያህል ሆኖ፥ በደቂቃ 3,300 ጊዜ ያህል ሲዞር 90 ያህል የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ፒስተኖቹን የሚይዙት ክንዶችም ዘይት የሚያገኙት፥ እንደ ዛሬው ሞተር በግፊት ሳይሆን፥ በክንዱ ግርጌ የተተከለች ማንኪያ መሳይ ብረት እየጨለፈች ስታቀብላቸው ነው። ከዚህ ሞተር በስተኋላ ያለው ዲፈረንሻል ደግሞ ልኩ 4.11 ነው፤ ይኸውም ጎማው አንድ ጊዜ ይዞር ዘንድ ኀይል አስተላላፊው ዘንግ ከአራት ጊዜ በላይ መዞር ይገባዋል ማለት ነው። የጎማውን ቁመት 71 ሴንቲሜትር ብንል በአንድ ዙር 2.23 ሜትር ይጓዛል፤ እንግዲህ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ሲኬድ ጎማው በደቂቃ 747 ጊዜ ሲዞር፥ በከፍተኛው ማርሽ ካምቢዮው ዙሩን ሳይለውጥ ስለሚያሳልፈው፥ ሞተሩ 3,070 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህም በማንኪያ የሚጠጣ ሞተር የመጨረሻ ጉልበቱን ወደሚሰጥበት ጫፍ ተጠግቶ ሰዓታት ሙሉ እንዲጮኽ መፍረድ ነው። በ4.11 ፈንታ 3.55 ቢገባለት ግን፥ በዚያው ፍጥነት 2,650 ጊዜ ያህል ብቻ ይዞራል።

ዲፈረንሻል የምንለው፥ ከፊት የመጣውን ዙር በማዕዘን አዙሮ ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍል፥ መኪናዪቱ ስትታጠፍም የውጪው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ እንዲፈጥን የሚፈቅድ የጥርሶች ማኅበር ነው። ትንሹን ባለጥርስ ፒኞን፥ ትልቁን ኮሮና ብለን የምንጠራው የጋራዥ ቋንቋችን ካምቢዮን፥ ባሌስትራንና ፍሪሲዮንን ጭምር ከጣልያንኛ ስለ ወረሰ ነው፤ ኮሮና ማለትም አክሊል ማለት ስለ ሆነ፥ ለዚያ ክብ ለሆነ ጥርሰኛ ብረት ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም።

ነገሩ ጥርስን በጥርስ መለወጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ አጭር ሥራ ነበር፤ በእርግጥም በአሮጌው ቤት ውስጥ ኮሮናውንና ፒኞኑን ብቻ በ3.55 የሚለውጡ አሉ፥ ምርጫቸውም የሚከበር ነው። ከዚህ አልፎ ዲፈረንሻሉን በሙሉ ሊያወጣ የተነሣ ሰው ግን የግማሽ ቶኗን መኪና ልዩ ምሥጢር ያገኛል። ኀይል አስተላላፊው ዘንግ፥ ዛሬ በምናያቸው መኪናዎች ሆድ ሥር እንደሚታየው ገላውን አራቁቶ አይዞርም፤ በወፍራም የብረት ቧንቧ ውስጥ ተሰውሯል። የቧንቧው የኋላ ጫፍ ከዲፈረንሻሉ ቤት ጋር በቡሎን ታስሮ አንድ አካል ሲሆን፥ የፊት ጫፉ በካምቢዮው ጅራት ላይ እንደ ክንድ አንጓ በሚንቀሳቀስ ድቡልቡል መጋጠሚያ ይያዛል፤ በዚያ መጋጠሚያ ውስጥም ዘንጉ የሚታጠፍበት አንድ ክሮቸራ ብቻ፥ በካምቢዮው ዘይት እየረሰረሰ ይኖራል። ዘይቱን የሚያግደው ፓራኦሊዮ ያረጀ እንደ ሆነ የካምቢዮው ዘይት በቧንቧው ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ዲፈረንሻሉ ይወርዳል፤ ባለቤቱም ካምቢዮው ሲጎድል ዲፈረንሻሉ ሲሞላ አይቶ ይደነቃል።

ስለ ምን ይህን ያህል ብረት አስፈለገ? ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር፥ የዲፈረንሻሉ ቤት በአንጻሩ አፍንጫውን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ ለመገልበጥ ይቃጣል፤ ይህ በእያንዳንዱ መነሣት፥ በእያንዳንዱ ዳገት የሚሆን ነው። በ3100 ላይ ያን መገለባበጥ የሚከለክለው ረጅሙ ቧንቧ ነው፥ ሸክሙንም ወደ ፊት ወስዶ በካምቢዮው ጅራት ላይ ያሳርፈዋል፤ ባሌስትራዎቹ ከዚህ ጭንቅ አርፈዋል። ቧንቧ በሌለበት መኪና ግን ያንኑ ጭንቅ የሚሸከሙት ባሌስትራዎቹ ራሳቸውና የሚቀመጡባቸው መደቦች ናቸው። ስለዚህ አሮጌውን አውጥቶ ዘመናዊውን የሚያገባ ሰው ዕቃ በዕቃ ተካሁ ቢልም፥ በእውነቱ የአንዱን ብልት አገልግሎት ለሌላው ብልት አሸክሟል፤ በዚህ ሥራ የሚደርሰው ጥፋት አብዛኛው ይህን ካለማስተዋል የሚመጣ ነው። ኩባንያው ራሱ በዚያው ዘመን ለሦስት አራተኛ ቶንና ለአንድ ቶን መኪናዎቹ የተጋለጠውን ዘንግ ይገጥም ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ለግማሽ ቶኗም ቧንቧውን ትቶታል። የካምቢዮው ጅራት ለድቡልቡሉ መጋጠሚያ ብቻ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ቧንቧው ሲወጣ ካምቢዮውም አብሮ መለወጡ ግድ ነው፤ ብዙዎች በቦታው ቦርግ ዋርነር የሠራውን ቲ-5 የተባለውን ባለ 5 ማርሽ ያስገባሉ።

ከሌላ መኪና ተነቅለው ከሚመጡት ዲፈረንሻሎች መካከል ዛሬ በብዛት ከሚፈለጉት አንዱ ከፎርድ ኤክስፕሎረር፥ በተለይም ከ1995 እስከ 2001 ዓ.ም. ከተሠራው የሚገኘው ነው። በሸቭሮሌት ሥር የፎርድ ዕቃ መግባቱ ቅር የሚያሰኛቸው አሉ፤ እኔ ግን ብረት ወገን የለውም እላለሁ። ይህ ዲፈረንሻል 8.8 የሚባለው ኮሮናው በኢንች 8.8፥ በእኛ ልክ 22 ሴንቲሜትር ከግማሽ ያህል ስለ ሆነ ነው፤ ከጎማ እስከ ጎማ ያለው ስፋቱ ለ3100 የሚቀራረብ፥ የጎማ ዘንጎቹም ወፍራም ባለ 31 ጥርስ፥ ፍሬኑም ዲስክ ነው። ፒኞኑ ከመካከል ወደ ቀኝ 5 ሴንቲሜትር ያህል ፈቀቅ ማለቱ አንዳንዶችን ያሳስባቸዋል፤ የግራውን ቱቦ ቆርጠው በሁለት የቀኝ ዘንግ የሚያስተካክሉም አሉ። ክሮቸራዎቹ በሁለቱም ጫፍ ትይዩ ሆነው እስከ ተቀመጡ ድረስ ግን ፈቀቅ ማለቱ አይጎዳም።

በአሮጌ መኪና መቃብር ገብቶ ይህን ዕቃ የሚመርጥ ሰው ከመኪናው በስተኋላ ተንበርክኮ የኋላ ክዳኑን በሽቦ ብሩሽ ይፋቅ። ከአንዱ ቡሎን ሥር የታሰረች፥ እንደ ጣት የምትሰፋ ቆርቆሮ ያገኛል፤ 3 እና 73 ብላ በመካከላቸው የኤል ፊደል ካለባት፥ ልኩ 3.73 ሆኖ አንዱ ጎማ በጭቃ ሲሽከረከር ለሌላው ኀይል የሚያካፍለው ዐይነት ነው ማለት ነው፤ ፊደሉ ከሌለባት ተራው ዐይነት ነው። ቆርቆሮዋ የወደቀች እንደ ሆነና ዲፈረንሻሉም ተራው ዐይነት ከሆነ፥ አንዱን ጎማ አጥብቆ ይዞ ሌላውን በትክክል ሁለት ዙር እያዞረ፥ ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ በጠመኔ ምልክት ይቍጠር፤ ሦስት ዙር ተኩል ከጥቂት ቢሆን 3.55፥ አራት ሊሞላ ሩብ ያህል ሲቀረው 3.73 ነው።

አሁን ወደ ብየዳው እንምጣ፤ የሥራው ሁሉ ልብ ይህ ነውና። የባሌስትራው መደቦች ከቀድሞ ቦታቸው ተቆርጠው በሸቭሮሌቷ ባሌስትራ ልክ አዲሶች ይቀመጣሉ። ስንት ዲግሪ ላይ? አንድ ክሮቸራ ታጥፎ ሲዞር ዙሩን እኩል አድርጎ አያስተላልፍም፤ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፥ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በሌላው ጫፍ ያለው ሁለተኛው ክሮቸራ በእኩል ማዕዘን ከታጠፈ፥ የፊተኛውን መዛነፍ የኋለኛው ያርመዋል። ስለዚህ የካምቢዮው ጅራትና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ትይዩ መሆን አለባቸው፤ ባሌስትራው ኀይል ሲያገኝ ተጠማዝዞ አፍንጫውን ስለሚያነሣውም፥ ከትይዩው አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ወደ ታች ዝቅ አድርጎ መነሣት ይገባል።

እኔ ይህን በመጽሐፍ አውቄው በእጄ ስቼዋለሁ። የጭነት ሳጥኗ ገና ሳይጫን፥ ሻንሲዋም በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ፥ በተውሶ ማዕዘን መለኪያ አፍንጫውን ለክቼ መደቦቹን ፈጽሜ በየድኋቸው። ሳጥኑ ተጭኖ፥ መኪናዪቱ በገዛ ክብደቷ በጎማዋ ላይ ስትቀመጥ ባሌስትራው ተዘርግቶ ልኩ ሁሉ ተለወጠ፤ በሰዓት 80 ኪሎሜትር ስደርስ ከወንበሬ ሥር እንደ ከበሮ የሚመታ መንቀጥቀጥ ተነሣ፥ የበሩ መስተዋትም አብሮ ያስተጋባ ጀመር። እንደ ገና ብለካው ከትይዩው 4 ዲግሪ ተዛንፏል። ያዳነኝ በመደቡና በባሌስትራው መካከል የሚገባ፥ አንድ ጫፉ የሳሳ የብረት ሽብልቅ ነው፤ በባለ 4 ዲግሪ ሽብልቅ መንቀጥቀጡ ጸጥ አለ። ትክክለኛው ሥርዐት ግን መደቦቹን በሁለት በሁለት ነጥብ ብየዳ ብቻ አስይዞ፥ ሙሉ ክብደቷን አሳርፎ፥ ከፊትና ከኋላ ለክቶ፥ ከዚያ በኋላ መጨረስ ነው። ብየዳውም አጭር አጭር ሆኖ ከግራ ወደ ቀኝ እየተፈራረቀ ይሁን፤ ሙቀት በአንድ ወገን ከበዛ ቱቦው ይጎብጣልና። የ8.8 ቱቦዎች ከመካከለኛው፥ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰው ብረት ጋር የተያያዙት በግፊት ገብተው በጥቂት የብየዳ ነጥብ ብቻ ስለ ሆነ፥ ከባድ ኀይል የሚጠብቃቸው ሰዎች በኒኬል የብየዳ ዘንግ ዙሪያውን በይደው ያጠናክሯቸዋል።

ዘንጉ በልኩ የሚቆረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በካምቢዮው ውስጥ የሚንሸራተተው ጫፍ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ የመግባት ነጻነት ይተውለት፤ ባሌስትራው ሲወጣና ሲወርድ ዘንጉ ይረዝማል፥ ያጥራልም።

ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ጥቂት ልጨምር። የ3100 ቸርኬ በ139.7 ሚሊሜትር ክበብ ላይ 6 ቀዳዳ ያለው ነው፤ ብዙዎቹ ሂሉክሶች ይህንኑ ልክ ስለሚይዙ ለአገራችን ጋራዦች እንግዳ አይሆንም። የኤክስፕሎረሩ ግን በ114.3 ላይ 5 ነው፤ የፊቱ ካልተለወጠ አንድ መለዋወጫ ጎማ ለፊትም ለኋላም አይሆንም ማለት ነው። የፊተኛውንም ወደ ዲስክ ለውጦ ባለ 5 ማድረግ ከሁሉ የሚሻል ይመስለኛል። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው በዚህች መኪና ከመርገጫው በታች፥ ከወለሉ ሥር ስለሚገኝ፥ ዘይቱ ከዲስኩ ወደ እርሱ ተመልሶ እንዳይወርድ ትንሽ ግፊት የምታስቀር ማገጃ በመስመሩ ላይ መግባት አለባት። ማጠራቀሚያውም ባለ ሁለት ክፍል ይሁን፤ አሮጌው ባለ አንድ ክፍል ስለ ሆነ አንዲት ቱቦ ከፈሰሰች አራቱም ጎማዎች ያለ ፍሬን ይቀራሉ።

አንባቢዬ ሆይ፥ ይህን ሥራ የምትጀምር ከሆነ ከአሮጌዪቱ ሆድ የምታወጣውን ዲፈረንሻል ከነቧንቧውና ከነካምቢዮው ለቍርጥራጭ ብረት ነጋዴ አትስጠው። ዘይቱን አፍስሰህ አዲስ ሙላበት፥ ክፍቱን ሁሉ በጨርቅና በላስቲክ እሰርለት፥ ቡሎኖቹንና ዳዶዎቹን በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ዘይት ቀብተህ አብረህ አኑረው፤ ሻንሲውንም አትቁረጥ፥ አዲሱ ዲፈረንሻል በቀድሞው ባሌስትራና በቀድሞዎቹ ቀዳዳዎች ሊታሰር ይችላልና። ካንተ በኋላ መኪናዪቱን የሚረከብ ሰው በመጀመሪያ እንደ ተሠራች ሊያያት ቢወድ፥ በአንድ ሳምንት ሊመልሳት ይችላል።