የአባት ጡረታ ለአጎት አይደርስም

ድንኳን ሳይነሳ ስለ ገንዘብ ማውራት ነውር ነው ይባላል። ለእኔ ግን ነውሩ ዝምታው ነው። ገርጂ የምትኖር ጓደኛዬ የድርጅት ሾፌር የነበሩት አባቷ ሲሞቱ፣ አጎቶቿ «የወንድማችን ጡረታ ለእኛም ይድረሰን» ብለው ተነሱ። እናትየው አንገታቸውን ደፍተው ዝም!

እናንተዬ፣ ጡረታ እንደ ቤትና መኪና የሚካፈሉት ውርስ አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተኪ የሚላቸው ሚስት ወይም ባል፣ ልጆችና ሟች ይረዷቸው የነበሩ ወላጆችን ነው። ወንድም የለበትም። ለሚስት የሚደርሰው የሟች ጡረታ ግማሽ ነው።

ጣጣው ወረቀቱ ላይ ነው፤ የሞት፣ የጋብቻና የልጆች ልደት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። በሽማግሌ ተጋብቶ ወረዳ ያልደረሰ ስንቱ ነው! እኚህ እናትም የኖሩበትን ትዳር ፍርድ ቤት በምስክር ሲያስረዱ ከረሙ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ ካላችሁ ደግሞ በየዓመቱ የሚታደስ ነውና፣ በለቅሶው መሀል ቀኑ እንዳያልፍባችሁ።