ሌሊት የሚያዘነብለው ቤት፦ ተረትና እውነታ

ማታ ቀጥ ብሎ የቆመ ሞተርሆም (መኖሪያ ቤት የሆነ መኪና) ጠዋት በአንድ ጎኑ ተንበርክኮ ይገኛል። በአሜሪካ የካምፕ ሜዳዎች የዚህ ዓይነት ማለዳ የገጠማቸው ብዙ ናቸው። ትልልቆቹ የናፍጣ ሞተርሆሞች በባሌስትራ ፈንታ በጎማ የአየር ባሎን ላይ ይቆማሉ። በአንዳንዶቹ ሲቆሙም ያው አየር ቤቱን ያስተካክላል፤ ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ማዕዘን ቫልቭ እየከፈተ አየር ይጨምራል ወይም ያስወጣል።

ተረት፦ ቤቱ ከወረደ ባሎኑ ተቀዷል።

እውነታ፦ ባሎኑ አርጅቶ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ነገር ግን ከመቀየሩ በፊት መፈተሽ ያለባቸው ርካሽ ነገሮች አሉ። አየር በቱቦ መጋጠሚያዎች ይሾልካል፤ ቆሻሻ የገባበት ቫልቭም ገጥሞ አይዘጋም። ጥፋተኛውን ለማግኘት የሳሙና ውኃ መርጨትና አረፋ የሚያወጣውን ቦታ ማየት በቂ ነው። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ግን የናስ መጋጠሚያዎችን ስለሚጎዳ አይመከርም።

የሚወርድበት ጊዜም ይናገራል። በብዙ ሲስተሞች መኪናው በጉዞ ሁኔታ ላይ ሆኖ ብቻ ከወረደ ጥርጣሬው ወደ ከፍታ መቆጣጠሪያው ቫልቭ ያመራል። በማስተካከያ ሁኔታም ከወረደ ባሎኑና የእሱ መስመር በተራ ይፈተሻሉ።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም ብልሽት የለም። ቀን 30 ዲግሪ የነበረ አየር ሌሊት 5 ዲግሪ ሲደርስ 8 በመቶ ያህል ይኮማተራል፤ ባሎኑም ዝቅ ይላል።

ተረት፦ የማስተካከያው ቁልፍ ሲጫን ካልታዘዘ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል።

እውነታ፦ ብዙዎቹ ሲስተሞች የማቆሚያ ፍሬኑ ካልተያዘ ሆን ተብለው እንዳይሠሩ ተደርገዋል። ቀጥሎ ፊውዙና የመሬት ሽቦው ይታይ። ባትሪውም ይለካ፤ ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። የአየር ታንኩ ግፊት ዝቅ ካለም ማስተካከያው አይነሳም፤ መከላከያ ቫልቩ ቅድሚያውን ለፍሬኑ ስለሚሰጥ።

ተረት፦ በአየር ታንኩ ውስጥ የሚጠራቀም ውኃ ጉዳት የለውም።

እውነታ፦ የታመቀ አየር ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ውኃ ይለወጣል። ውኃው ብረቱን ያዝጋል፤ በቅዝቃዜው ወራት ደግሞ በረዶ ሆኖ ቫልቩን ያግዳል። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ከባድ መኪና የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ይህን ከፍሬናቸው ያውቁታል። መፍትሔውም ያው ነው፤ የታንኩን ውኃ ማፍሰስና የአየር ማድረቂያውን ማጣሪያ በጊዜው መቀየር።

ተረት፦ ቤቱ ካዘነበለ ማንኛውም ፍሪጅ ይበላሻል።

እውነታ፦ በጋዝ እሳት ወይም በኤሌክትሪክ ሙቀት የሚሠራው የቆየው ዓይነት ፓምፕ የለውም፤ ፈሳሹ የሚመለሰው ቁልቁል ወርዶ ነው። ስለዚህ ብዙ ካዘነበለ ይጎዳል። ኮምፕረሰር ያላቸው አዳዲሶቹ ግን ትንሽ ማዘንበልን ይችላሉ።

ተረት፦ ባሎኑ ሙሉ ከሆነ ከሥር ገብቶ መሥራት ይቻላል።

እውነታ፦ ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ባሎን ድጋፍ አይደለም፤ አንድ ቱቦ ከመጋጠሚያው ቢወልቅ ከ10 ቶን በላይ የሚመዝን ቤት በቅጽበት ይወርዳል። ወደ ሥር ከመገባቱ በፊት ሻሲው በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ይቀመጥ። መደገፊያ የሌለው ሰው ሥራውን ጉድጓድ ላለው ጋራዥ ይተወው።